የክርኑ ክር

ከአንዲስ ጫፍ፣ ከደመናው በላይ፣
ውርጭ ድንች በሚያደርቅበት በሱይቱፓምፓ ሜዳ ላይ፣
ጉድጓዱን ከፈቱት በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣
ብሩሽና ማንኪያ ይዘው ከሊማ የመጡቱ።
አፈሩን እንደ ዱቄት በወንፊት ነፉ፤
ጥርስን ከቁልፍ ለዩ፣ ቁጥር እየጻፉ።

እኛ ከገመዱ ወዲህ ቆምን፣
ኮካ እያላመጥን።
እናቴ ኤርሜሊንዳ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ
ሹራብ ትሠራለች፣ እንደ ገበያ ቀን፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታወጣ።
"አሁን ምን ሹራብ ነው፣ እማ፣ በዚህ ሰዓት?" አልኳት፤
በከንፈሯ ዙር ትቆጥራለች፤ ተውኳት።

ፊዴንሲዮ ወንድሜን የወሰዱት ሌሊት
በሩን በሰደፍ ነው የሰበሩት።
ስሙን ከወረቀት አነበቡ፣ አሳስተው።
ጫማ አላስጠለቁትም፤ ሹራቡን ብቻ ከምስማሩ አወረደው።
ሐምሌ ነበር፤
ሐምሌ በእኛ አገር አጥንት ይሰብራል፣ ብርዱ።
ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያው ሄዱ።

ቡኒ ሹራብ ነው፣ ግራ ክርኑ ላይ ያለቀ።
እናቴ ቡኒ አጥታ በቀይ ክር ጠቀመችው፤ ልጅ አይደል፣ ተሳቀቀ።
"ይስቁብኛል እኮ" አላት።
ክሩን በጥርሷ በጥሳ
"ይሳቁ" አለችው፣ ቀና ሳትል፤ "ከሩቅ ስትመጣ
እንድለይህ ነው።"

ስንት ደጅ ጠናች ከዚያ ወዲህ!
"እንዲህ ያለ ሰው አልገባም እዚህ"
ይላታል የካምፑ ዘበኛ፣ ገብሱን ዶሮውን ተቀብሎ።
ስንት ገደል ወርዳ፣ ስንት ሬሳ በጎኑ ገልብጣ፣
"የኔ አይደለም" ብላ፣
ለማታውቀው ልጅ እንደ እናቱ አልቅሳ ተመለሰች።
ሻምበሉ አርጅቷል አሉ፣ በባሕሩ ዳር ከተማ፤
ጡረታ አለው፣ ውሻ አለው፣ የጽጌረዳ አጥር፤
እንቅልፍም አለው፣ ያውም የጠገበ።

አንድ ካህን፣ ልጅ እግር፣ ሊያጽናናት መጥቶ
"የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" ሲላት፣ ድምፁን አለስልሶ፣
"አይደለም" አለችው።
"በር ሰብሮ የሚገባ የእሱ ፈቃድ አይደለም፤
እሱ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ አይሰብርም።"
ካህኑ ዝም አለ። ሾርባ አቀረበችለት፤ ጠጣ።
ማታ ግን እሷው ራሷ፣ ሻማው ፊት፣ ሳትንበረከክ፦
"አንተም እናት አለችህ። እስኪ እሷን ጠይቃት፣
ሦስት ቀን ስንት እንደሆነ።"

"ቁጥር ዐሥራ አራት" አለች ባለብሩሿ ልጅ፣
"ሹራብ፣ ቡኒ፣ የበሰበሰ፤ ግራ ክርኑ ላይ…" ብላ ቆመች።
ቀይ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጭቃ፣ ከዚያ ሁሉ ክረምት
አፈር ቡኒውን በላ፣ ቀዩን ተወላት።
እናቴ ተነሣች። ከገመዱ ማዶ፣ ከሩቅ፣
ለየችው።

እኔ እምነቴ የሚነጋበትም የሚመሽበትም ቀን አለ፤
ያን ቀን ግን ትዝ ያለኝ፣
መቃብር ፈንቅሎ የወጣውን ወዳጆቹ
በመልኩ እንዳልለዩት ነው።
በተወጋው ነው፤
ያንን ደፍኖ አልመጣም።

ሣጥኑ ነጭ ነው፣ የክንድ ቁመት ብቻ።
አናጢው ዶን ኤውሴቢዮ መዶሻ ሲያነሣ
"ቆይ" አለችው፤
አዲሱን ሹራብ አጥፋ ከአጥንቱ ላይ አኖረች።
እጅጌው ረዝሟል። "አድጎ ይሆናል" አለች።
"ለአጥንት ሹራብ፣ ኤርሜሊንዳ?"
"ሲነሣ ማለዳ ነው" አለችው፤
"በዚህ ተራራ ማለዳው ይበርዳል።"

ክዳኑ ሳይዘጋ አየሁት፦
ግራ ክርኑ ላይ፣ ምንም ሳይቀደድ፣
ቀይ ክር።